ብረት እሳት ላይ ሳለ

ሰዓት ከኪስ ወጥቶ እጅ ላይ ሲታሰር እኔ ከሥራ ወጣሁ። ማንም አላባረረኝም። የነቀምቴ ወጣት ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ "ስንት ሰዓት ሆነ?" የሚለው ሰው ሲናፍቅ፣ ከደረት ኪስ በሰንሰለት የሚወጣውን ያን ከባድ የብር ሰዓት የሚፈልግ ጠፋ፤ እሱ ሲጠፋ የእኔም እንጀራ አብሮ ጠፋ። ጡረታ የሚባለውን ነገር የመንግሥት ሰዎች ናቸው የሚያውቁት። እኔ መሮና ሞረዴን በጨርቅ ጠቅልዬ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ካለው ቤቴ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

ሰው ሥራዬ ምን እንደነበረ ሲጠይቀኝ መመለስ ይቸግረኛል። ሰዓት ሠሪ አልነበርኩም፤ ሰዓት ሠሪ መስያቸው የቆመ ሰዓት ያመጡልኝ ሁሉ አዝነው ተመልሰዋል። ብር አንጥረኛም አልነበርኩም። የሰዓቱ ሞተር ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ልብሱን፣ ማለትም የብሩን ቀፎ፣ እኛ ነቀምቴ ላይ እንሠራለታለን። ቀፎው ላይ አንበሳ ወይም መስቀል ወይም የቡና ቅርንጫፍ ጎልቶ እንዲወጣ ሥሡ የብር ዝርግ በሁለት ብረቶች መካከል ገብቶ ይጨመቃል። አንደኛው ጌጡ ወደ ውስጥ የተቆፈረበት ሴቴ ነው፤ ሁለተኛው ወደ ውጭ የወጣበት ወንዴ። እነዚያን ሁለት ብረቶች ነበር የምሠራው። ይህን ሁሉ ካስረዳሁ በኋላ "አሃ፣ ቀጥቃጭ ነሃ!" ይሉኛል። እሺ እላለሁ፤ ምን አደርጋለሁ?

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በእጄ ሳይሆን በምላሴ ነው። አባቴ ሹማምንት ተከትሎ ከሸዋ የመጣ ጸሐፊ ነበር፤ እኔ ነቀምቴ ተወልጄ አማርኛውን ከቤት፣ ኦሮምኛውን ከጎረቤት ለቀምኩ። ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሙሴ ሃጎፕ የሚባል አርመን ከገበያው በላይ የሰዓትና የጌጣጌጥ ሱቅ ከፈተ። ሙሴ ኦሮምኛ አይችልም። አማርኛውም ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን እስከ መጨረሻው "አንቺ ታዬ" እንዳለኝ ነው የሞተው። በር ላይ ቆሞ ደንበኛ የሚቀበልለት ሰው ፈለገና ቀጠረኝ።

መቀበል እችልበት ነበር። "አከም ቡልተኒ?" እንዴት አደሩ ብዬ ከጀመርኩ የሰውየውን ልጆች፣ ከብቶች፣ ማሳ፣ የጎረቤቱን ወለምታ ሳይቀር ጠይቄ ነው የማበቃው። ሽማግሌ ሲገባ "ኖር!" ብዬ ብድግ ስል ሰውየው ሰዓት ሊገዛ ባይመጣም ገዝቶ ይሄዳል። ያን ጊዜ ነቀምቴ ውስጥ የማያውቀኝ ሰው አልነበረም። ገበያ ወጥቼ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል፤ በየርምጃው ሰላምታ ነዋ። ዛሬ ያ ጎረምሳ ሌላ ሰው ይመስለኛል፤ ባገኘው ደስ ይለኛል።

ከሱቁ በስተጀርባ አንዲት ጨለማ ክፍል ነበረች። እዚያ ውስጥ ኦቦ ዲንሳ ይሠራሉ። የነጆ ሰው ናቸው፣ ዘር ማንዘራቸው ብረት ቀጥቃጭ። አዲስ አበባ ወርደው ከአንድ አርመን ወርቅ ሠሪ ዘንድ ይህን የማተሚያ ብረት ሥራ ተምረዋል። ሙሴ ለምኖ ነው ነቀምቴ ያመጣቸው። ሚስት የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም። በአገራችን ለቀጥቃጭ ልጁን የሚሰጥ ቀጥቃጭ ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከወገናቸው ርቀው ሲዞሩ ዕድሜያቸው አለፈ። ረዳታቸው ሥራውን ጥሎ ሲሄድ ሙሴ እኔን ወደ ጓዳ ላከኝ።

"ሰላምታህን እዚያው በር ላይ ተወው፤" አሉኝ ገና ስገባ። "እዚህ ብረት ነው ያለው።"

ሲሠሩ ፊታቸው ወደ ግድግዳ፣ ጀርባቸው ወደ በሩ ነበር። ብረቱ ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ካሚዮን መኪና ላይ የተቆረጠ ወፍራም ዘንግ ነው፤ በመዶሻ መታ አድርገው ድምፁን ይሰሙና የማይወዱትን ወደ ማዕዘን ይወረውሩታል። የወደዱትን አግለው ዐመድ ውስጥ ይቀብሩታል። ቀስ ብሎ በርዶ ሲለሰልስ በጥቃቅን መሮዎች መቆፈር ይጀምራሉ። ሁሉ ነገር ተገላቢጦሽ ነው፤ ጎልቶ እንዲወጣ የምትፈልገውን ጠልቀህ ትቆፍረዋለህ፣ ወደ ቀኝ የሚያየውን አንበሳ ወደ ግራ ታዞረዋለህ። እኔ ብዙ ጊዜ ግራ እየተጋባሁ ሳበላሽ እሳቸው መስታወት እንኳ አይጠቀሙም ነበር። በኪሳቸው የማር ሰም አይጠፋም። ጠዋት ጠዋት ሰሙን በመዳፋቸው አሙቀው ጉድጓዱ ላይ ይጫኑትና ሲላቀቅ የወጣውን ቅርጽ ያያሉ። ጣታቸው በሥራ ብዛት ስለደነዘዘ በታችኛው ከንፈራቸው ነው የሚዳስሱት። መጀመሪያ ሳይ ብረት የሚስሙ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም።

ከባዱ ነገር ማጠንከሩ ነው። ተቀርጾ ያለቀው ብረት ገና ለስላሳ ነው፤ ብር ላይ ቢጫኑት ራሱ ይደፈጠጣል። ስለዚህ ፊቱን በሳሙናና በተፈጨ ከሰል ለውሰህ እሳት ውስጥ ታስገባዋለህ። መስኮቱን ዘግተህ በጨለማ ቀለሙን ትጠብቃለህ። የበሰለ የቡና ፍሬ ሲመስል አውጥተህ የኑግ ዘይት ውስጥ ትነክረዋለህ። ከዚያ በፊት ካወጣኸው አይጠነክርም። ካለፈ ደግሞ ይቃጠላል፤ የተቃጠለ አረብ ብረት መድኃኒት የለውም። ቀለሙ መጥቶ የሚቆየው ዓይንህን እስክትጨፍን ያህል ነው። ስለዚህ ኦቦ ዲንሳ ብረት እሳት ላይ ሳለ ለማንም አይነሡም፤ ለማንም አይመልሱም።

አንድ ቀን አንድ ትልቅ ባላባት ሰዓታቸው ሲሠራ ሊያዩ ወደ ጓዳ ገቡ። ኦቦ ዲንሳ ዞር እንኳ አላሉም። የባላባቱ አሽከር ዱላውን ሲያነሣ ሙሴ መሃል ገብቶ "ጌታዬ፣ ጉልበት የላትም! ጉልበቷ ታማለች!" አለና አዳናቸው። ከዚያ ወዲያ ከተማው ሁሉ የኦቦ ዲንሳን ጉልበት ሲጠይቅ ከረመ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳገቱን ቀጥ ብለው ሲወጡ ያያቸው ሰው ግን ነገሩ ገባው። ቀድሞውንም ቀጥቃጭ ብሎ የሚርቃቸው ሰው አሁን ትዕቢተኛ የሚል ምክንያት ተጨመረለት። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በአግዳሚው ወንበር ጫፍ ይቀመጣሉ፤ ከጎናቸው ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

በዓመት አንድ ጊዜ ከሙሴ ጋር በጭነት መኪና ጊምቢን፣ ነጆን፣ ደምቢ ዶሎን እንዞራለን፤ ትእዛዝ ልንቀበል። የቡና ነጋዴው የቡና ቅርንጫፍ ይላል፣ ቄሱ መስቀል፣ ሹሙ አንበሳ። ስለ ደመወዜና ስለ ሱቁ የወርቅ ፈቃድ ጣጣ አላወራም፤ ከሌላው ሰው ጣጣ የተለየ አልነበረም። ከእነዚያ ጉዞዎች ይልቅ የማስታውሰው አንዲት ሴት ከጉቴ ወደ እኛ የመጣችበትን ቀን ነው።

ጫልቱ ትባላለች። ጉቴ ላይ ለሴት ልጆች ስፌትና ንባብ ታስተምር ነበር። ክዳኑ የላላ የአባቷን የኪስ ሰዓት ይዛ መጣች። እኔ ከጓዳ ወጥቼ እንደ ድሮዬ ሰላምታውን ሳዥጎደጉደው እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሰማችኝና፣

"እዚህ ሱቅ የሚሸጠው ሰዓት ነው ወይስ ሰላምታ?" አለች።

"ሰላምታው ምርቃት ነው።"

"እንግዲያው ሰዓቱን ነገ ልውሰድና ዛሬ ምርቃቱን ይዤ ልሂድ፤" ብላኝ ሄደች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ክዳኑ እየላላ የሚመጣበት ምክንያት በዛ፤ እኔም ጠበቅ አድርጌ አልሠራውም ነበር።

ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ኦቦ ቀነኣ የጉቴ አገር አስታራቂ፣ የተከበሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ መሆኔ አላስጨነቃቸውም፤ "ዋቃ አንድ ነው" አሉ ይባላል። ያስጨነቃቸው የምሠራበት ቤት ነው። "እዚያ ቤት ለሰው አይነሡም ሲሉ ሰምቻለሁ። ለሰው የማይነሣ ሰው ልጄን አያከብርም። መጥቼ በዓይኔ አያለሁ" ብለው መለሱ። መቼ እንደሚመጡ አልተናገሩም። እኔ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ እዞር ጀመር።

በዚያው ክረምት የኦቦ ዲንሳ ዓይን ደከመ። የዓይን ሞራ የሚሉት ነገር ነው። አንድ ፊታውራሪ የቡና ቅርንጫፍ ዙሪያውን የሚያቅፍበት የሰዓት ቀፎ አዝዘው ነበር። ኦቦ ዲንሳ ክረምቱን ሙሉ በዳሰሳ ቀረጹት፤ ቅጠሉ ላይ ያለችውን ሥር ሁሉ በከንፈራቸው እየለኩ። ከዚያ የሚያምር ነገር ከእጃቸው ሲወጣ አላየሁም። "ይሄ የመጨረሻዬ ነው፤" አሉኝ። "ቀለሙን ግን ማየት አልችልም። እኔ ወናፍ እነፋለሁ፣ አንተ ዓይኔ ትሆናለህ።"

የማጠንከሪያው ጠዋት መስኮቱን ዘጋን። እሳቸው ወናፉን ያዙ፤ እኔ ጉጠቱን ይዤ ከእሳቱ ፊት ቁጭ አልኩ። ብረቱ መቅላት ጀምሮ ነበር።

"አከም ቡልተኒ?" አለ ከኋላዬ አንድ ወፍራም ድምፅ። ዞር ስል ኦቦ ቀነኣ ናቸው፤ በትራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ኖር!" ብዬ ብድግ አልኩ። ከዚህ ሌላ ማድረግ አልቻልኩም፤ እግሬ ራሱ ነው የተነሣው። ሁለት እጄን ዘርግቼ ጎንበስ አልኩ። እሳቸውም ሊፈትኑኝ ነው መሰለኝ ሰላምታውን አረዘሙት። ስለ እናቴ ጠየቁ፣ ስለ ክረምቱ ጠየቁ። ከኋላዬ ወናፉ ይነፋል።

"ቀለሙ?" አሉ ኦቦ ዲንሳ።

ሽማግሌ እያናገረህ ቃላቸውን አቋርጠህ ለሌላ ሰው አትመልስም። የእኛ አገር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ስለዚህ እጄን ወደ ኋላዬ ልኬ በመዳፌ "ይብቃ፣ ያቁሙ" የሚል ምልክት ሰጠሁ፤ ለማያይ ሰው! ኦቦ ቀነኣ ስለ ከብት እየጠየቁኝ ነበር። እኔም ምልክቴ የደረሰ መስሎኝ "ነጋ፣ ነጋ"፣ ሰላም ናቸው፣ እላለሁ።

ጸጸጸ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብረቱ ነጭ ሆኖ የእሳት ፍንጣሪ ይተፋ ነበር። በጉጠት አወጣሁት። የቡናው ቅርንጫፍ ቀልጦ ቅጠሉ ከቅጠል ጋር ተጣብቋል። ኦቦ ዲንሳ ወናፉን አስቀመጡ። ሽታው ነግሯቸዋል። ለእንግዳው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ኮታቸውን ለበሱና ወጡ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ሥራ አልተመለሱም።

ኦቦ ቀነኣ ምን እንደተቃጠለ አልገባቸውም። ትከሻዬን ጨብጠው "ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ስለ አንተ ያወሩት ውሸት ነው። ልጄን ሰጥቼሃለሁ" አሉኝ። መደሰት ነበረብኝ፤ ተደስቻለሁም። ግን እጄ ላይ ያለው ጉጠት ገና ይግል ነበር።

ሙሴ ፀጉሩን ነጨ። ፊታውራሪው ቀፏቸውን ይፈልጋሉ፣ ኦቦ ዲንሳ የሉም፤ እንግዲህ አንቺ ታዬ ሥሪው አለኝ። ያንኑ ቅርንጫፍ እንደገና ቀረጽሁ። ብቻዬን። በሰም እያየሁ፣ እንደ እሳቸው በከንፈሬ እየዳሰስኩ፤ የማልረካበትን ወደ ማዕዘን እየወረወርኩ። በር ላይ መቆሙን ተውኩ፣ ገበያ መውጣቱን ተውኩ። ጫልቱ መጥታ "ምርቃቱ አለቀ እንዴ?" ስትለኝ ከብረቱ ቀና ሳልል "ይህን ልጨርስ" አልኳት። ትንሽ ቆማ ሄደች።

ብረቱን እሳት ውስጥ የከተትኩበት ቀን በአንድ እጄ ወናፉን፣ በሌላው ጉጠቱን ይዤ ነበር። ቀለሙ ሊመጣ ሲል ከኋላዬ በትር መሬት ነካ።

"አከም ቡልቴ፣ ኢልመ ኮ?"

ኦቦ ቀነኣ ናቸው፤ ከሌላ ሽማግሌ ጋር። የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ መምጣታቸውን በኋላ ሰማሁ። አልዞርኩም። አንድ ጊዜ ይታገሡኝ ማለት ምን ያስቸግራል ትሉኝ ይሆናል። አፌን ብከፍት ዓይኔ የሚከተለው መሰለኝ። ሰላምታውን ደገሙት። እኔ ወናፉን ነፋሁ። ብረቱ የበሰለ ቡና ሲመስል አነሣሁትና ዘይቱ ውስጥ ነከርኩት። ሲወጣ ንጹሕ ነበር፤ አንዲት ቅጠል አልጎደለችም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያች ደቂቃ የተደሰትኩበት ጊዜ የለም። ደስታዬን ልነግራቸው ዞር ስል በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ሽማግሌ ብልክ የኦቦ ቀነኣ መልስ አጭር ሆነ። "ልጄን ሲፈልግ ተነሣ፤ ካገኘ በኋላ ጀርባውን ሰጠኝ።" እውነትም ከእሳቸው ወገን ሆኖ ለሚያየው ሌላ ትርጉም የለውም። ጫልቱ ግን በአንዲት ቅቤ ሻጭ በኩል ቃል ላከችብኝ፤ "ሽማግሌ ይተው። ራሱ መጥቶ አባቴ ፊት ይቁም፣ ያልፋል።" እኔ አኮረፍኩ። ምን አጠፋሁና ነው የምቆመው አልኩ።

የፊታውራሪው ቀፎ ታትሞ ሲወለወል ወስጄ ለኦቦ ዲንሳ አሳየኋቸው። ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። በከንፈራቸው ዳሰሱት፣ አዙረው ዳሰሱት። ፊታቸው በራ።

"ጎበዝ!" አሉ። "ሠርጉስ መቼ ነው?"

ነገርኳቸው። ስነግራቸው፣ እውነቱን ልናገርና፣ እኮራ ነበር። "እንደ እርስዎ አልተነሣሁም" አልኩ።

ቀፎውን መሬት ላይ አስቀመጡት። "እንደ እኔ? እኔን ብሎ ማን መጥቶ ያውቃል? የመጣው ሁሉ ሰዓት ብሎ ነው የመጣው። ልጁን ሊሰጠኝ የመጣ አንድ ሰው ያን በር ቢያንኳኳ ኖሮ፣ ብረቱ ይቅርና ቤቱ ቢቃጠል እነሣ ነበር!"

እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ያን ቀን ማን እንደመጣ አልሰማሁም መሰለህ? 'ቀለሙ?' ብዬ አንድ ጊዜ ጠየቅኩህ፣ አልመለስክም። ሽታው መጥቶ ነበር። ወናፉን ባቆም ዘወር ትላለህ፣ ሰውየውም ይቀየማል ብዬ ነፋሁ። የእኔ ብረት ለዚያ ነው የተቃጠለው፣ ታዬ። ተነሥ፣ ዛሬውኑ ጉቴ ሂድ።"

ልሄድ ወጣሁ። የጉቴ መንገድ ግን በሱቁ በር ያልፋል። ሙሴ በሩ ላይ ቆሞ "አንቺ ታዬ፣ የት ጠፋሽ? ከሰሉ ተቀጣጥሏል፣ የጊምቢው ነጋዴ ብረት ይጠብቅሻል!" አለኝ። ይህን አንዱን ላጠንክርና እሄዳለሁ ብዬ ገባሁ። ቀለሙን ስጠብቅ መሸ። በማግስቱ ሌላ ነበር፤ ከዚያም ሌላ።

ጫልቱ በዚያው በጋ ለአንድ አስተማሪ ተዳረች። ጉቴ ልሄድ ወጥቼ በቀረሁበት ቀን ያጠነከርኩት ብረት ላይ ምን ጌጥ እንደነበረ ላስታውስ ብዬ ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ አንበሳ ይሁን መስቀል፣ አላውቀውም።